ቡሬ ላይ የሰረዝኩት አምስተኛ ቻናል

ማክሰኞ፣ ከባሕር ዳር ወደ ፍኖተ ሰላም

ከባሕር ዳር የወጣሁት ሰው ልይዝ ነው። በጉዞ ትእዛዜ ላይ የተጻፈው «የሬዲዮ መገናኛ ዕቃዎች ፍተሻና ጥገና» ነበር። የምሠራበት የእናቶች ጤና ፕሮጀክት ኃላፊ ግን ደብዳቤውን ሲሰጠኝ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቡሬ ያለው ስካነር ተነካክቷል። እኛ ከላክነው ዝርዝር ውጭ የሆነ ቻናል ገብቶበታል። የማን እንደሆነና ማን እንዳስገባው አጣርተህ ና፤ ሰውየውን እናሰናብተዋለን» አለኝ።

ጊዜው ሞባይል ገና ከባሕር ዳር ብዙም ያልራቀበት ነው። ፕሮጀክታችን በምዕራብ ጎጃም ገጠር ላሉ ጤና ኬላዎች አንዳንድ የእጅ ሬዲዮ ሰጥቷል፤ እያንዳንዱ ኬላ የራሱ ቻናል አለው። ቡሬ ላይ ደግሞ ስካነር አለ። በእጅ የሚያዝ፣ መናገር የማይችል፣ መስማት ብቻ የሚያውቅ ዕቃ ነው። ቀኑን ሙሉ ቻናሎቹን አንድ በአንድ እየዞረ ያዳምጣል፤ አንዱ ላይ ድምፅ ሲያገኝ ቀጥ ይላል። ጠባቂው ማን እንደተጣራ ይሰማና በራሱ ሬዲዮ መልስ ሰጥቶ አምቡላንስ ይልካል። የትኞቹን ቻናሎች መስማት እንዳለበት ለስካነሩ የሚነገረው ከኮምፒውተር ነው፤ ዝርዝሩ በሠንጠረዥ ይጻፍና በገመድ ይጫንበታል። በዝርዝሩ በሌለ ቻናል ሰው ሲጮህ ቢውል ስካነሩ አይሰማም። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ባለቤቴ «አንተ እኮ የራስህን ጥላ መታወቂያ ትጠይቃለህ» ትለኛለች። ኃላፊዬ የመረጠኝም ለዚሁ ይመስለኛል።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ደረስኩ። ታሪፉ ሃያ ሁለት ብር ነው። ረዳቱ የላፕቶፕ ቦርሳዬን ጣሪያ ላይ ካልጫንኩ ብሎ ሞገተኝ፤ እኔም አልሰጥህም ብዬ ታቅፌው ተቀመጥኩ። ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤቱ ነው፣ ገመዱ ደግሞ እኔ ራሴ በእጄ የሠራሁት፤ ሁለቱም ቢጠፉ ምትክ የላቸውም። ዱርቤቴ ላይ ጋቢ የለበሰ ጎልማሳ ገባና አጠገቤ ተቀመጠ። ከተቀመጠ ጀምሮ ዓይኑ ከቦርሳዬ ላይ አልነሳ አለ። ዳንግላ ላይ ሁሉም ወርዶ ሻይ ሲጠጣ እኔ አልወረድኩም፤ እሱም አልወረደ። እንጅባራ ብርዱ በመስኮቱ ሽንቁር እየገባ ሲቆረጥመን፣ ውጭ ፈረሶች የባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ተጠጋግተው ቆመው አየሁ። ሰውየው ግን ፈረስም ባሕር ዛፍም አላየም። ቲሊሊን ስናልፍ ቦርሳዬን ወደ ሌላው ጉልበቴ አዛወርኩ።

ቡሬ ላይ ወንበር ሥር ሳይቀር የበርበሬ ጆንያ ተጫነ። የመኸሩ በርበሬ የሚወጣበት ሰሞን ነውና አውቶብሱ ሙሉ በሙሉ ያስነጥስ ጀመር። ሰውየው ለመውረድ ተነሥቶ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

«ወንድም ዓለም፣ የቦርሳህ ዚፕ ተከፍቷል። ኸዱርቤቴ ጀምሮ ዕቃህ እንዳይወድቅብህ ስጠብቅልህ መጣሁ።»

አመሰግናለሁ ማለት ሲገባኝ፣ እፊቱ ቦርሳዬን ከፍቼ ዕቃዬን ቆጠርኩ። አንድም አልጎደለም። እሱም አየኝና ወረደ።

ፍኖተ ሰላም የደረስኩት አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የቅርንጫፉ ኃላፊ አቶ ፈንታሁን ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ እስክሪብቷቸውን በኪሳቸው በቁመት የሚደረድሩ ሰው። በሦስት ብር ሽሮ ከጋበዙኝ በኋላ ጉዳዩን ዘረገፉት። የቡሬውን ስካነር የሚጠብቁት መሪጌታ ይትባረክ የሚባሉ ዓይነ ስውር የቅኔ መምህር ናቸው። ጆሯቸው ጥሩ ነው ተብለው በቀድሞው ቴክኒሻን ጊዜ ተቀጠሩ።

«ያሉን ኬላዎች አራት ናቸው» አሉ አቶ ፈንታሁን፣ ጣታቸውን እያጠፉ። «የባሕር ዳሩ ዝርዝር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ይላል። ባለፈው ሄጄ ስካነሩን ባየው ግን አንድ፣ አምስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስድስት! አምስት ቻናል። አምስተኛው የማን ነው? ያልተፈቀደልንን ነገር እያዳመጥን ብንገኝ ፕሮጀክቱ በማግሥቱ ይዘጋል።»

«እሳቸውን ጠይቀዋቸዋል?»

«ጠይቄያለሁ። በቅኔ መለሱልኝ። ዓይነ ስውር ናቸው ብለህ እንዳትሞኝ።»

ከሰዓት በኋላ ለዕቃዬ የይለፍ ደብዳቤ ለማስመታት ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ። አንዱ ጸሐፊ አንቴናዬን አንሥቶ አገላብጦ አየው።

«ይሄ ነገር የእኛንም ወሬ ይሰማል?»

«አይሰማም።»

«እንዴት አወቅህ?»

የጉዞ ትእዛዜን አውጥቼ ዘረጋሁለት። ማኅተሙን መታልኝ። በአሥር ብር አልጋ ይዤ ቦርሳዬን ተንተርሼ ተኛሁ።

ረቡዕ፣ ቡሬ

በጧት ሚኒባስ ወደ ቡሬ ተመለስኩ። መንገዱ ዳር ለዳር ጤፍ ታጭዶ ተከምሯል፤ በየግቢው ቀይ በርበሬ ተሰጥቷል። የፕሮጀክቱ ግቢ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤትና አንድ ላንድክሩዘር አምቡላንስ ያለበት ነው።

የግቢው በር ላይ ስደርስ አንድ ገበሬ በረንዳው ሥር ቆሞ አየሁ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ አቧራ ለብሷል። መሪጌታ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ገበሬው በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ሰጣቸው፣ እሳቸውም ከጋቢያቸው ሥር ሌላ ጥቅል አውጥተው ሰጡት። አንዲት ትንሽ የማር ቆርቆሮም አጠገባቸው ተቀምጣለች። ገበሬው እኔን ሲያይ ጥቅሉን ብብቱ ሥር ከተተና ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ አልፎኝ ሄደ። በልቤ አገኘሁ አልኩ። የምፈልገው ገና በር ላይ ጠበቀኝ።

«እንዴት አደሩ መሪጌታ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። የባሕር ዳሩ ባለሙያ ነህ። ቦርሳህ ከባድ ነው፤ በግራ ትከሻህ ይዘኸዋል።» እንዴት እንዳወቁ አልጠየቅኋቸውም፤ አንድ ሰው ቀድሞኝ ደውሎላቸዋል ብዬ ደመደምኩ።

«አሁን የወጣው ሰው ማነው?»

«ስማቸው የሚባል ገበሬ ነው። ማር ያመጣልኛል።»

«እርስዎስ ምን ሰጡት?»

ፈገግ አሉ። «ምርቃት ይበቃዋል ልጄ።»

ምርቃት በነጠላ ሲጠቀለል አይቼ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ እዚያው ውዬ አጠናኋቸው። ስካነሩን በጨርቅ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ነው የሚይዙት፤ ለማንም አይሰጡም። ጧትና ማታ ኬላዎቹን እየዞሩ ይጠራሉ፤ የሬዲዮውን ማዞሪያ ቀጭ ቀጭ እያደረጉ ይቆጥሩና ሰላምታ ይጀምራሉ። ሰላምታው መቼም አያልቅም። እንዴት አደራችሁ፣ ወላዶቹ እንዴት ናቸው፣ ከብቱስ፣ ዝናቡስ። የሬዲዮ ደንብ አጭር ንግግር ነው፤ እኔ ግን ይህን ሁሉ በምልክት የሚተላለፍ ወሬ አድርጌ በደብተሬ ጻፍኩት። አምስት ጊዜ ቀጭ አድርገው ሲጠሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ወደ ግድግዳው ዞረው አወሩ። ይህንንም ጻፍኩ።

የአምቡላንሱን ሹፌር ምንይችልን ለብቻው አገኘሁት።

«አምስተኛው ቻናል የማን ነው?»

«እኔ መኪና ነው የማውቀው ጌታዬ» አለና ንጹሕ የነበረውን መስታወት መጥረግ ጀመረ። ሁሉም ተመሳጥረዋል አልኩ።

ሐሙስ፣ ቡሬና ሽንዲ

ጧት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መሪጌታን «ለፍተሻ ነው» ብዬ ስካነሩን ተቀበልኳቸው። በሁለት እጃቸው ነው የሰጡኝ።

ገመዱን ሰካሁ፤ በውስጡ ያለውን ዝርዝር ወደ ኮምፒውተሬ አነበብኩት። እውነትም አምስት ቻናል። አራቱ የእኛ ኬላዎች ናቸው፣ ቅደም ተከተላቸው ግን የሰከረ ሰው የደረደራቸው ይመስላል። ሽንዲ በዝርዝራችን ቁጥር ሁለት ሆና ሳለ አሥራ ሁለት ላይ ተቀምጣለች። ቁጥር አምስት ላይ ያለው ፍሪኩዌንሲ ከባሕር ዳሩ ወረቀት ላይ ጨርሶ የለም።

ይህን ዝርዝር ለብቻው በኮምፒውተሬ አስቀመጥኩት። የፋይሉን ስም «ማስረጃ» አልኩት። ከዚያ ቁጥር አምስትን ሰረዝኩ፣ የቀሩትን ከአንድ እስከ አራት በሥርዓት ደረደርኩና መልሼ ጫንኩ። የመሪጌታንም የእጅ ሬዲዮ እንዲሁ አደረግሁ። ለመሪጌታ አልነገርኳቸውም። የሚጠረጠር ሰው ይነገረዋል እንዴ? ዝም ብዬ ወጥመዴን እጥላለሁ፣ እሳቸው ሲደናገጡ እይዛቸዋለሁ ነው ሐሳቤ።

ስካነሩን ሲቀበሉኝ በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ሁሉም እንዳለ ነው አይደል ልጄ?»

«እንዳለ ነው።»

ስካነሩን መልሰው በጨርቁ ጠቀለሉት። «እንግዲህ መንገዱን ያቅናልህ» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

የቀረኝ የኬላዎቹን ሬዲዮዎች በአዲሱ ዝርዝር ማስተካከል ነበርና ከምንይችል ጋር በአምቡላንሱ ወደ ሽንዲ ወጣን። የጠጠር መንገድ ነው፤ አቧራው ከኋላችን እየተነሣ የመጣንበትን ይሸፍነዋል። ግራና ቀኝ የተሰበሰበ በቆሎ፣ የበርበሬ ማሳ፣ አልፎ አልፎም ዋርካ አለ። ምንይችል ከወትሮው ዝም ብሎ ነው የሚነዳው። አንድ ሰዓት ያህል ተጓዝን።

የሽንዲዋ ነርስ ጥሩወርቅ ትባላለች፤ ፈጣን፣ ሳቂታ ልጅ ነች። ሬዲዮዋን አዲሱ ቁጥር ሁለት ላይ አስተካከልኩና ቡሬን ጠራሁ። መልስ የለም። ደጋግሜ ጠራሁ፤ ዝም።

«ሰውየው ሥራ ጥሎ ሄዷል» አልኩ፣ ደስታዬን መደበቅ ሳይሆንልኝ።

«መሪጌታ? መሪጌታማ ኸዚያ ስካነር ተለይተው አያውቁም» አለች ጥሩወርቅ። «ምናልባት አሥራ ሁለት ላይ ይሆናል የሚመልሱት። እኛ ሚካኤል ነን እኮ።»

«ምን ማለት ነው?»

ሳቀች። ከኬላዋ ጀርባ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን በአገጯ አሳየችኝ። «ደብራችን ሚካኤል ነው፣ ሚካኤል ወሩ በገባ በአሥራ ሁለት ነው፣ ቻናላችንም አሥራ ሁለት። ሥላሴዎቹ ሰባት፣ ኪዳነ ምሕረቶቹ አሥራ ስድስት። ማርያም ሃያ አንድ ስትሆንባቸው ማዞሪያው አሥራ ስድስት ላይ አለቀ፤ እሷን በልደታ አንድ አሏት። የፊተኛው ባለሙያ ነው መሪጌታ እንደ ነገሩት አድርጎ የጫነላቸው። እሳቸው አያዩም፣ ቀጭ ቀጩን ነው የሚቆጥሩት። እኔ እንኳ ባልኖር ሬዲዮውን ያነሣ ሰው ሁሉ የደብሩን ቀን ያውቃል።»

የሰከረ ሰው የደረደረው ያልኩት ዝርዝር ይኸው ነበር። ጆሮዬ እስኪሞቅ አፈርኩ። ግን ጥርጣሬ ቶሎ አይለቅም፤ «አምስትስ?» አልኩ።

ሳቋ ቆመ። ወደ ምንይችል አየች። ምንይችል መሬት መሬት ያያል።

መልሱ በሌላ መንገድ መጣ። የኬላውን ባትሪና አንቴና ስፈትሽ ቆይቼ ሰባት ሰዓት ሲሆን ከታች ከቆላው አቅጣጫ ጩኸት ሰማን። ስምንት ወንዶች ቃሬዛ ተሸክመው እየሮጡም እየሄዱም ደረሱ። ቃሬዛው ላይ ሴት አለች፣ ፊቷ የተሸፈነ፤ ነጠላዋ ረጥቧል። ከፊት የያዘው ሰው አንገቱ ላይ በገመድ የእጅ ሬዲዮ አንጠልጥሏል። ትናንት መሪጌታ በር ላይ ያገኘሁት ስማቸው ነበር።

«ኸጧቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ጠራን!» አለ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ ለጥሩወርቅ። «ምጡ ጠናባት። ባትሪው ሙሉ ነው፣ ትናንት ነው ያመጣሁት፤ መብራቱ ይኸው! መሪጌታ ዝም አሉን። መኪናዋ መንገዱ መጨረሻ ላይ ትጠብቀናለች ብለን ወጣን፣ የለችም። ኸዚያ ወዲህ በእግር ነው የመጣን።»

በሬዲዮው ላይ አረንጓዴዋ መብራት ቦግ ብላ ትታያለች። ማዞሪያው አምስት ላይ ነው። ለካ ትናንት በነጠላ ተጠቅልሎ የነበረው ባትሪ ነው። ይህ ሰው የሚስቱ ቀን ስለደረሰ ከቆላ ተነሥቶ ያለቀውን ባትሪ አምጥቶ፣ የተሞላውን ይዞ ተመለሰ። በማግሥቱ ጧት እኔ የሚሰማውን ጆሮ ደፈንኩት።

ጥሩወርቅ አንድ ጊዜ መርምራት «ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል፣ አሁኑኑ» አለች። ሴትየዋን፣ እናኑ ነው ስሟ፣ ከኋላ አስተኛናት፤ ጥሩወርቅና ስማቸው አብረዋት ገቡ። ምንይችል እስከዚያ ድረስ መንዳት የሚያውቅ አይመስልም ነበር፤ ያን ቀን ነዳ። እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ እናኑ ታቃስታለች፣ እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ መንገዱን አያለሁ።

«ዋርካ አቦ ይባላል ሰፈራቸው» አለኝ ምንይችል በቀስታ። «ኬላ ነበራቸው፤ አቶ ፈንታሁን ሳይመጡ በፊት በጀት አለቀ ተብሎ ተዘጋ። ሬዲዮውን ሰብስብ ተባልኩ። ሄድኩ። ሴቶቹ ከበቡኝና አለቀሱብኝ። ጠፋ ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። መሪጌታ ማዳመጣቸውን አልተውም አሉ፣ እኔም ሲጠሩኝ እሄዳለሁ። በቃ ይኸው ነው። ያሻህን አድርግ።»

ስካነሩን ማንም አልነካካውም ነበር። የተነካካው ባሕር ዳር ያለው ወረቀት ነው፤ ኬላው ሲዘጋ ከወረቀቱ ላይ ተፋቀ፣ ከስካነሩ ግን የሚፍቀው ሰው እስከዛሬ አልመጣም ነበር።

ቡሬ ስንደርስ እኔ ወረድኩ። መኪናው ወደ ፍኖተ ሰላም ቀጠለ። እየሮጥኩ ግቢው ገባሁ። መሪጌታ ስካነሩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ተቀምጠዋል።

«መሪጌታ፣ አምስትን ሰርዤዋለሁ።»

«አውቄያለሁ። ሄዳችሁ ሳትርቁ አምስት ቆጥሬ ብጠራ ባዶ ሆነብኝ። ሌላውም ተደበላለቀብኝ። ወደ ሽንዲ የሚሄድ መኪና ፈልጌ መልእክት ላኩብህ፤ አልደረሰህም።»

«ጧት ለምን አልነገሩኝም?»

«ልነግርህ ነበር። ሁሉም እንዳለ ነው አይደል ብዬ የጠየቅሁህ ለዚያ ነው። እንዳለ ነው አልከኝ። ድምፅህ ውስጥ ውሸቱን ሰማሁት። ለሚዋሸኝ ሰው የሰባ ቤተሰብ ምስጢር አሳልፌ ልስጥ? እኔም ጠርጥሬህ ነበር ልጄ።» ስካነሩን ከጆሯቸው አወረዱ። «ማናት ያማጠችው?»

«የስማቸው ሚስት።»

ስካነሩን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ላፕቶፑን ከፈትኩ። «ማስረጃ» ያልኩትን ፋይል አውጥቼ፣ አንድ፣ አምስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስድስት እንደነበሩ በስካነሩም በእጅ ሬዲዮውም ላይ መልሼ ጫንኳቸው። በእሳቸው ላይ ያስቀመጥኩት ማስረጃ በእኔ ላይ ሆነ። መብራት ሁለት ጊዜ ቢቆራረጥብኝም ሥራው ከሩብ ሰዓት አልበለጠም። ለማጥፋትም ለመመለስም የፈጀው ጊዜ እኩል ነው።

አመሻሽ ላይ ምንይችል ከፍኖተ ሰላም በግቢው የመስመር ስልክ ደወለ። እናኑ ተርፋለች። ልጁ አልተረፈም። ሐኪሙ ሁለት ሰዓት ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ ኖሮ ብሏል አለ። ስልኩን ዘግቼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። መሪጌታ ሰምተውኛል፤ የሚያጽናና ቃል አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠበቅሁም።

ዓርብ፣ ቡሬ

አራት ሰዓት ላይ ምንይችል ስማቸውን ይዞ መጣ። እናኑ ጥቂት ቀን ትተኛለች፤ ጥሩወርቅ አጠገቧ ቀርታለች። እሱ ልጁን በነጠላ ጠቅልሎ ለመቅበር ወደ አገሩ እየሄደ ነው። ቀጥ ብሎ ወደ መሪጌታ መጣ።

«የኔታ፣ ትናንት ምን ሆነው ነው?»

መሪጌታ ተነሥተው ቆሙ። «እንቅልፍ ጣለኝ ልጄ። ሽማግሌ ነኝ። ማረኝ።»

ከተቀመጥኩበት ዘለልኩ ማለት ይቻላል። ገባኝ ደግሞ። ቻናሉ ተሰርዞ ነበር ካሉ ለምን፣ በማን የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ጥያቄው ሲዞር «ጠፋ» የተባለው ሬዲዮ ይገኛል፤ ዋርካ አቦም ያለ ሬዲዮ ይቀራል። ስለዚህ በደሉን ተሸከሙት። ስማቸው አያቸው፤ ጥቅሉን በክንዱ ላይ አስተካከለ። ዞሮ ወጣ። እኔ ደግሞ፣ ልንገራችሁ፣ ዝም አልኩ። በሩ ጋ እስኪደርስ ዝም አልኩ። እፎይ ያልኩበት ቅጽበትም ነበር፤ እሱን እስከዛሬ አልረሳውም።

ከዚያ እግሬ ተከተለው። በሩ ላይ ደረስኩበት።

«እሳቸው አልተኙም። የሰረዝኩት እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«እናንተን። ከኮምፒውተሩ ላይ። ስትጠሩ እንዳይሰሙ ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን?» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እውነት ማወቅ ነው የፈለገው።

«ሰላይ መስላችሁኝ። ከትናንት ወዲያ ጥቅሉን ስትቀባበሉ አይቼ።»

ክንዱ ላይ ያለውን ትንሽ ጥቅል አየ፣ እኔን አየ። የሚመታኝ መስሎኝ ነበር፣ ቢመታኝም ደስ ይለኝ ነበር። አልፎኝ ተመለሰና መሪጌታ እግር ሥር ወድቆ ጉልበታቸውን ሳመ። እሳቸውም ራሱን ይዘው አብረውት አለቀሱ። ምንይችል በመኪናው መንገዱ እስከሚያልቅበት ድረስ አደረሰው።

ቅዳሜ፣ ወደ ባሕር ዳር

በጧቱ አውቶብስ መሄድ እችል ነበር። ቻናሉ መሥራቱን በጆሮዬ ሳልሰማ መሄድ ግን አልሆነልኝም። በረንዳው ላይ ከመሪጌታ ጎን ተቀመጥኩ። ስካነሩ ይዞራል፤ አንድ፣ አምስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስድስት፣ እንደገና አንድ። ሦስት ሰዓት ሲሆን አምስት ላይ ቀጥ አለ።

«የኔታ፣ እንዴት አደሩ» አለ የስማቸው ድምፅ።

መሪጌታ ማዞሪያውን አምስት ጊዜ ቀጭ አደረጉ። «እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት አደርክ ልጄ። ቤት ያሉት እንዴት ናቸው? አማትህስ? ከብቱስ?» ሰላምታው ረዘመ፤ አንዱንም ቃል ሳልቆርጥ ሰማሁት። ባለፈው በደብተሬ በጥርጣሬ የጻፍኩት ሰላምታ ይኸው ራሱ ነው። ለካ አንዱ መንደር መኖሩን ሌላው የሚያረጋግጥበት ነው።

በመጨረሻ ስማቸው «ያ ሰውዬ ሄደ?» አለ።

«አልሄደም፤ እዚህ አለ።»

መሪጌታ ስካነሩን ወደ እኔ ጠጋ አደረጉት።

«አይሰርዘን በሉት» አለና ዘጋ።

ከሰዓት በኋላ አውቶብስ ያዝኩ። ረዳቱ ቦርሳዬን ልጫን ሲለኝ ሰጠሁት፤ እስከ ባሕር ዳር ዞሬም አላየሁት።

ከጉዞው የተማርኩትን ለመናገር ያሳፍረኛል፤ ቀላል ነገር ነውና። ያልገባኝን ነገር ሁሉ የክፉ ሰው ሥራ አድርጌ ስቆጥር ኖሬያለሁ። አምስት የሚለው ቁጥር አጠገብ የጠየቅሁት ማን አስገባው ብቻ ነው፤ ማን ይጠራበታል ብዬ አልጠየቅሁም። አሁን ማንኛውንም ቻናል ከመንካቴ በፊት ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ አዳምጠዋለሁ።

ሰኞ ጧት ኃላፊዬ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እሺ፣ ያ ቻናል የማን ሆኖ ተገኘ?»

«የእኔ ነው።»

«የአንተ?»

«ለፍተሻ የምጠቀምበት ነው። በዝርዝሩ ይግባልኝ፤ ቁጥር አምስት፣ የቴክኒሻኑ መፈተሻ፣ አይሰረዝም ተብሎ። ሌሎቹም ቁጥሮች ስካነሩ ላይ እንዳሉት ይጻፉ።»

«እስከዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«ረስቼ።»

እስክሪብቶውን አንሥቶ ዓይኔን አየኝ። ውሸቴን እንዳወቀብኝ አውቃለሁ፤ ግን ፈረመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢሮው በገባሁ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት እንዳላይ ይገለብጣል፣ ከሰው ጋር ሳወራ ካየኝ ጠጋ ይላል፣ ቦርሳዬን በዓይኑ ይከተላል። ይከተል።